ስሙን መልአክ ያላወጣለት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። መልካም አባባል ነው፤ ለሁሉ ግን አይሠራም። ከአሰላ ከተማ ወደ ምሥራቅ ቀና ሲሉ በሚታየው በጭላሎ ተራራ፣ ከእርሱም ባሻገር በተዘረጋው በጋላማ ደጋ ላይ የሚኖር አንድ ፍጡር አለ፤ የእርሱን ስም መልአክ አላወጣለትም። ያወጡለት ከሩቅ ያዩትና ጨርሶ ያላዩት ናቸው። ‹‹ቀይ ቀበሮ›› አሉት። ‹‹ቀበሮ›› ደግሞ በቋንቋችን የእንስሳ መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ የክስ መዝገብ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ሙግት ነው። ሙግቴ ከአራሹ ጋር አይደለም፤ ከእረኛውም ጋር አይደለም። ሙግቴ ከብዕር ሰዎች ጋር ነው፤ ግጥም ከሚጽፉትና ከሚያነቡት፣ አዳራሽ ተሰብስበው ለቃል ከሚያጨበጭቡት ወገኖቼ ጋር። የአንድ ፍጡር ስም ያለ ምስክር ሲጎድፍ ዝም ያለ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍጡሩ ሲጠፋ ሙሾ ለማውረድ መብት የለውም እላለሁ።

እስቲ ‹‹ቀበሮ›› የሚለው ቃል በጽሑፎቻችን ውስጥ ምን ሲሠራ እንደሚውል እንይ። በተረቱ አጭበርባሪ ነው። በስድቡ ፈሪና መሠሪ ነው። አስመሳይ ጻድቅን ስናማ ‹‹ቀበሮ ባሕታዊ›› እንላለን። በግጥም ምሽቶቻችን ከሃዲ ወዳጅ በተነሣ ቁጥር፣ አድርባይ ሹም በተወቀሰ ቁጥር፣ ቀበሮ ሳይጠራ አይቀርም። ‹‹ታዲያ ተኩላ እንበለው?›› ብትሉኝ ያም አያድነውም። ተኩላውም ገና ድሮ የበግ ለምድ ለብሶ ተፈርዶበታል። በአማርኛ ለዚህ እንስሳ የቀረቡለት ሁለት ወንበሮች ሁለቱም የተከሳሽ ወንበሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ ተከሳሹን ራሱን እናምጣው።

የሳይንስ ሰዎች ‹‹ካኒስ ሲመንሲስ›› ይሉታል፤ የሰሜን ተራሮች ውሻ እንደ ማለት ነው። ስሙን የሰጠው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጣው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ፈረንጆቹም ለረጅም ዘመን አንዴ ‹‹የሰሜን ቀበሮ››፣ አንዴ ሌላ እያሉ ሲዋልሉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በደሙ ውስጥ ያለው የዘር ምልክት ሲመረመር የቅርብ ዘመዱ የአውሮፓና የእስያ ተኩላ ሆኖ ተገኘ። ከዛሬ 100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከወደ ሰሜን የመጡ ተኩላ መሰል አያቶቹ ብርዳማውን ደጋችንን ወርሰው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አያውቅም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆኑ ጥቂት ተራሮች በቀር አይገኝም።

ቅልሙ ቀይ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከዚያ ታንሳለች። እኛ አርሲዎች በእግር የሚኮራ ሕዝብ ነን። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ የበቆጂዎቹ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የሮጡበትን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ ክፍልፋይ የሚናገር ልጅ በየመንደሩ አለ። ከእነርሱ ሁሉ በፊት በዚያው ቀጭን አየር ውስጥ በረጃጅም እግሩ ሲሮጥ የኖረውን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ምግቡ ምንድን ነው? የክሱ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። አይጥ ነው! ፍልፈል ነው! ባሌ ላይ ያጠኑት ሰዎች እንደሚነግሩን ከሚበላው ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ይኸው የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ጥንቸል ያሳድዳል፤ አንዳንዴ ግልገል ይነካል። ይህንን አልደብቅም፤ ጠበቃ ነኝ ብዬ ሐሰት አልናገርም። የዘወትር ኑሮው ግን ከፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ጆሮውን ቀስሮ ከምድር በታች ያለውን ኮሽታ ያዳምጣል። ከዚያም በደረቱ እስኪሳብ ድረስ ዝቅ ብሎ ይጠጋና በድንገት ይዘላል። ሳይሳካለት ሲቀር በፊት እግሮቹ እየቆፈረ አፈር ይለብሳል። ይህንን ሁሉ የሚያደርገው ብቻውን ነው።

ብቻውን ያድናል፤ ብቻውን ግን አይኖርም። የአገራችን ባለቅኔ ይህንን ቢያውቅ ኖሮ ስንት ግጥም ይወጣው ነበር! ቀኑን ሙሉ ተበታትነው የዋሉት የአንድ መንጋ አባላት በማለዳና በማታ ይሰበሰባሉ። ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ሰላምታ አላቸው። ጭራ እየወዘወዙ፣ አፍ ለአፍ እየተነካኩ፣ እያላዘኑ፣ እየተሻሹ ይናፈቃሉ። ከዚያም በአንድነት ተነሥተው የግዛታቸውን ድንበር ይዞራሉ። ሌሊቱን ዋሻ አይገቡም፤ ውርጭ በነጣበት ሜዳ ላይ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን ከጭራቸው ሥር ቀብረው ያድራሉ።

በመንጋው ውስጥ የምትወልደው አንዲት ናት፤ የሁሉ የበላይ የሆነችው እመቤት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት የሚደርሱ ግልገሎች ትጥላለች። ታዲያ እነዚህን የሚያሳድጋቸው ማነው? ሁሉም ነው! ወንዶቹ ሲያድጉ ከቤታቸው አይወጡም፤ ራቅ ብለው የሚሄዱት ይልቁን ሴቶቹ ናቸው። የቀሩት ታላላቆች ሲያድኑ ውለው፣ የዋጡትን ከጉሮሯቸው መልሰው ለታናናሾቻቸው ያጎርሳሉ። ራሳቸው ያልወለዱትን ይጠብቃሉ። በአማርኛችን ለወንድምና ለእህት ካሉን ቃላት ሁሉ የሚጣፍጠኝ ‹‹የእናት ልጅ›› የሚለው ነው። ትርጉሙን በሥጋ ማየት የሚሻ ሰው ካለ፣ ‹‹መሠሪ›› ብለን በሰደብነው አውሬ ቤት ያገኘዋል።

ገና አልጨረስኩም። በመንዝ ጓሳ ከጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል ገብቶ ሲያድን ይታያል። ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ይግጣሉ፤ እርሱ ግልገሎቻቸውን ሳይነካ በመሃላቸው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እነርሱም አይሸሹትም። ውሻ ቢያዩ ግን ወደ ገደሉ ይበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚለው ከዝንጀሮዎቹ መካከል ሆኖ ካደረጋቸው የአይጥ አደኖች ከመቶ 67ቱ ተሳክተውለታል፤ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት ከመቶ 25ቱ ብቻ ነው። ይህ ማለት መታመን እንጀራ ሆኖታል ማለት ነው። አንድ ግልገል ጭላዳ ቢነጥቅ ያንን እንጀራ ያጣል። ‹‹ከሃዲ›› ብለን በግጥማችን የምናቆመው እንግዲህ ይህንን ነው።

ሌላም አለ። በባሌ ተራሮች እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚቆም ረጅም አበባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ ከአበባ ወደ አበባ እየሄደ ማሩን ሲልስ መታየቱን ገለጠ፤ አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 የሚደርሱ አበቦችን ጎብኝቷል። አፍንጫው በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። እንደ ንብ አበባ ያዳቅል ይሆናል ብለውም ይገምታሉ። ሥጋ በል አውሬ፣ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ተለቅልቆ! የትኛው ገጣሚ ነው ይህን ያህል ደፍሮ የሚፈጥር? እግዜር የጻፈውን ሳናነብ ነው እኛ የምንጽፈው።

አንድ ወዳጄ፣ እርሱም እንደኔ ግጥም የሚሞክር፣ ይህንን ስነግረው ሳቀና ‹‹ምሳሌ እኮ ምሳሌ ነው። በግጥም ውስጥ ያለው ቀበሮና በጋላማ ያለው ቀበሮ አይተዋወቁም›› አለኝ። ብዙ አንባቢም እንዲሁ እንደሚል አውቃለሁ። እንግዲህ ስም ምን ያህል ሊገድል እንደሚችል ለማሳየት ሩቅ አገር ልሂድ።

ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ታዝማኒያ የምትባል ደሴት አለች። በዚያች ደሴት ሥጋ በል የሆነ፣ ግን እንደ ካንጋሩ ልጁን በሆዱ ኪስ የሚያሳድግ እንስሳ ይኖር ነበር። ውሻ ይመስላል እንጂ ከውሻ ጋር ዝምድና የለውም፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ሽንትር ነበረው። ትክክለኛ ስሙ ታይላሲን ነው። ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ግን ‹‹የታዝማኒያ ነብር›› አሉት፤ ‹‹የታዝማኒያ ተኩላ››ም አሉት። ነብርም ተኩላም በግ ይበላሉ። እንግዲህ የጠፋው በግ ሁሉ የማን ዕዳ ሆነ? የስሙ ባለቤት ዕዳ!

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ይቆረቁረኛል። የታዝማኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1909 ድረስ ለተገደለ ለእያንዳንዱ አዋቂ ታይላሲን አንድ ፓውንድ፣ ለግልገሉም አሥር ሺሊንግ ከፈለ። ክፍያው በመዝገብ ሰፍሯል፤ 2,184 ጊዜ። አንድ እንደኔ ያለ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ብዕሩን ቀለም እየነከረ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ እየሰጠ 2,184 ጊዜ ፈርሟል ማለት ነው። ሒሳቡ አንድም ሳንቲም አልጎደለ ይሆናል። የጎደለው ፍጡሩ ነው። ሕግ እንዲጠብቀው የተወሰነው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1936 ነበር። የመጨረሻው ታይላሲን በሆባርት ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ መስከረም 7 ቀን 1936 ሞተ። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን! ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ አጥኚዎች የራስ ቅሉን መርምረው መንጋጋው አዋቂ በግ ለመግደል የሚበቃ እንዳልነበረ ተናገሩ። ነጻ የወጣው ተቀብሮ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚያው ደሴት እስካሁን የሚኖር ሌላ ባለ ኪስ ሥጋ በል አለ። በሌሊት እየጮኸ በክት ስለሚበላ ብቻ ‹‹ሰይጣን›› ተባለ። የሚሠራው ሥራ ግን የሞተውን ከምድር ላይ ማጽዳት ነው። ‹‹ምሳሌ ምሳሌ ነው›› ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው፤ ምሳሌ አንድ ጊዜ ሲነገር ምሳሌ ነው፣ ሺህ ጊዜ ሲደገም ምስክር ይሆናል። ከዚያም አንድ ቀን ደረሰኝ ይቆረጥበታል።

ወደ አርሲ ልመለስ። በእኛ ደጋ ቀበሮውን ለመግደል የተቆረጠ ደረሰኝ የለም። ጥይቱም እንኳ ዋናው ጠላቱ አይደለም። ዋናዎቹ ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፤ ማረሻና ውሻ።

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ከመጣ ወዲህ ሜዳው በትራክተር ተገለበጠ። ይህ ብዙ ሕዝብ አጥግቧል፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም የሚበላው ይህንኑ የደጋ ገብስ ነው። የሚክድ የለም። ነገር ግን ሜዳው ሲሞላ ማረሻው ወደ ላይ ወጣ። ገብስ ብርድ ይችላልና ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር እስከ ጓሳው ሣር ድረስ ተከተለ። ከብቱም ተከተለ። ገብሱ አንድ እርምጃ ሲወጣ ቀበሮው አንድ እርምጃ ይሸሻል፤ ተራራ ደግሞ ጫፍ አለው። ከጫፍ በላይ የሚሸሹበት አገር የለም። በጎጃም በጮቄ ተራራ የነበረው የቀበሮ ዘር የጠፋው እንዲሁ ነው።

ከአራሹ ጋር ውሻው ይወጣል። ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ሲወጣ፣ ያ በናፍቆት አፍ ለአፍ የሚነካካ መንጋ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አያስፈልግም። ሰላምታቸው መርዝ ይሆናል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ደግሞም በ2003 እና በ2004 በተነሣው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ አጥኚዎቹ አንድ በአንድ ከሚያውቋቸው ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። ፍቅራቸው ነው የገደላቸው። ዛሬ በመላው ዓለም፣ ማለትም በመላው ኢትዮጵያ፣ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው፤ የተረፉት በእኛው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ተበታትነዋል። የታችኛው ቆላና የስምጥ ሸለቆው እየለያያቸው ዘመድ ዘመዱን ሊጠይቅ አይችልም።

500! እኔ በምሠራበት ባንክ ቤት በአንድ የገበያ ቀን የማስተናግደው ሕዝብ ከዚህ ብዙም አይርቅ። የአንድ ዘር ጠቅላላ ሕዝብ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ይታያችሁ።

እውነት ነው፣ እጃቸውን ያልሰበሰቡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን ይከትባል፤ በ2018 ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው ማብላት ጀምሯል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል፤ ጭላሎና ጋላማ፣ ካካም በውስጡ ናቸው። በ2020 በሰሜን ተራሮች በጥይት እግሩ የተሰበረ አንድ ወንድ ቀበሮ ተገኝቶ፣ ሃምሳ ቀን ያህል ታክሞ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ያከሙት ሰዎች ስም አወጡለት። ‹‹ተረፈ›› አሉት። እኔ በዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ ያስለቀሰኝ ይህ ስም ነው። ከስንት ዘመን ስድብ በኋላ በአማርኛ አንድ የሰው ስም! ያወጡለት ግን የብዕር ሰዎች አልነበሩም።

የብዕር ሰዎችማ ሌላ ስም ነው ያላቸው፤ ‹‹ብርቅዬ››። ይህቺ ቃል ደግሞ ሌላው ሕመማችን ናት። በዓል ሲመጣ፣ የጎብኚ መጽሔት ሲታተም፣ የትምህርት ቤት ድራማ ሲሠራ ‹‹ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ብርቅዬ እንስሶቻችን›› እንላለን። እንደ ጸሎት ተርታውን ሳናፋልስ እንደግመዋለን። ‹‹ብርቅዬ›› ካልን በኋላ ግን የምንለው የለንም። ምን ይበላል? እንዴት ይዋደዳል? ግልገሉን ማን ያሳድገዋል? ቃሏ በር መሆን ሲገባት መጋረጃ ሆናለች። ስድቡ ፊቱን አጠቆረው፤ ውዳሴው ደግሞ ሸፈነው። ስለዚህ ሁለቱንም እከሳለሁ።

ቀኑን ሙሉ በእጄ የሚያልፉት የአንድ ብርና የሳንቲም ሽርፍራፊዎች ሁሉ የአንበሳ ራስ አለባቸው። አንበሳ ይገባዋል፤ አልመቀኝም። ግን የአንበሳ ግጥም በቅቶናል። ባለ ጎፈሩን ንጉሥ አሞግሶ የደከመ ብዕር ሁሉ አንድ ቀን ወደ ጋላማ ወጥቶ ባዶ እጁን አይመለስም።

እኔ በአንድ የጥቅምት ማለዳ ወጥቻለሁ። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ከሩቅ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቆመ፤ አየን፤ ናቀን። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ራሱን ወደ ምድር አዘንብሎ ያዳምጥ ጀመር። ማዳመጥ! አስተውሉ፣ ይህ እንስሳ የሚኖረው በማዳመጥ ነው። የገጣሚም ኑሮ ይኸው መሆን ነበረበት።

ከደጋው ገንዘብ ሊያስቀምጡ የሚመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ወረፋው ሲሳሳ ‹‹አባባ፣ ቀበሮው በግ አያስቸግራችሁም?›› አልኳቸው። ፈገግ ብለው ‹‹ልጄ፣ በጌን የሚበላብኝን አውቀዋለሁ፤ እርሱ ጅብ ነው። ያኛው ጀዳላ ፈርዳ ነው፤ የፈረስ ነው እንጂ የበግ አይደለም›› አሉኝ። በኦሮምኛ ‹‹ጀዳላ ፈርዳ›› የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው። ለመውለድ የተቃረበች ባዝራ ወይም ላም ሲያይ ይከተላታል፤ የሚፈልገው ግን ውርንጭላውን ወይም ጥጃውን አይደለም፤ የእንግዴ ልጁን ነው። ልዩነቱን አያችሁ? አማርኛው ስም ከተረት የመጣ ነው፤ ኦሮምኛው ስም ከሜዳ የመጣ ነው። አንዱ ፈረደበት፤ ሌላው ተመለከተው። እኒያ አዛውንት ግጥም ጽፈው አያውቁም፤ የስም አወጣጥ ሕግ ግን ከሁላችን ይልቅ ያውቃሉ፤ በመጀመሪያ እይ፣ ቀጥሎ ጥራ።

አሁን ትልቁን ተቃውሞ እጠብቃለሁ። ‹‹ሰው በሚራብበት አገር ለአውሬ ታለቅሳለህን?›› የሚለውን። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ደጋ ላይ ልጆች ያሏቸው፣ መሬት የጠበባቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ሰውንና ቀበሮውን በአንድ ሚዛን ሁለት ጽዋ ላይ ማስቀመጥ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ የሚወርደው ውኃ ነው የከታርን ወንዝ ሞልቶ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባው። የአርሲና የባሌ ደጋ ውኃ ነው በዋቢ ሸበሌ አድርጎ እስከ ሶማሌ ምድር የሚያጠጣው። ያ ውኃ ተጠራቅሞ የሚቆየው በጓሳው ሣርና በአስታው ሥር ነው፤ በቀበሮው ቤት ውስጥ! ቤቱ ሲታረስ አፈሩ በአንድ ክረምት ይወርዳል፤ ቀበሮውም ገበሬውም አብረው ይሰደዳሉ። ለውሻው የሚሰጠው ክትባት ደግሞ ከቀበሮው በፊት የገበሬውን ልጅ ከእብድ ውሻ ንክሻ ያድናል።

ይህ ሊሆን የሚችል መሆኑን የመንዝ ሰዎች አሳይተውናል። የጓሳን ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ሲሉ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በጋራ ሕግ ይጠብቁታል፤ ዘግተው ያቆዩታል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል። ለራሳቸው ኑሮ ሲሉ የጠበቁት ሣር ቀበሮውንም ጭላዳውንም አብሮ ጠበቀ። ማንም ‹‹ከእኛና ከአውሬው ምረጡ›› አላላቸውም።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ስሙን ለውጡ አልልም፤ የስም ለውጥ በአዋጅ አይመጣም። ስሙን በእውነት ሙሉት እላለሁ። ‹‹ቀበሮ›› ብለን ስንጽፍ አንባቢው ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን የቀሰረውን ይይ፤ ውርጭ ላይ የተጠቀለለውን፣ ለእናቱ ልጅ ጉሮሮውን የሚከፍተውን፣ አፍንጫው በአበባ ዱቄት የተለቀለቀውን ይይ። ከሃዲን መስደብ የሚፈልግ ገጣሚ ከሃዲን በራሱ ስም ይስደበው፤ ሰው በሠራው ኃጢአት አራት እግር ያለው አይከሰስ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላነበቡትም ፍጡር አይናፍቅም። ይህ ደግሞ የእኛ ሥራ እንጂ የፓርክ ጠባቂው ሥራ አይደለም።

የታዝማኒያ ሰዎች ዛሬ ታይላሲንን በአርማቸው ላይ ስለውታል፤ ስለ እርሱም ብዙ ይጽፋሉ። ሟች በአርማ ላይ መልካም ይታያል። እኔ ግን ለሕያው ስለሚጻፍ ግጥም ነው የምሟገተው፤ እናም የበኩሌን ስድስት ስንኝ አዋጥቼ ሙግቴን ልዝጋ።

ከሳሽ ደጋ ወጥቶ፥ ዱካውን አላየ፤
ዳኛ ቆላ ሆኖ፥ ስሙን አሰቃየ፤
በግ ጠፋ ባሉ ቀን፥ ጅብ ጠግቦ ተኝቶ፣
ፍርዱ ተነበበ፥ ቀበሮ ተጠርቶ፤
እሱ በጭላሎ፥ ያን ውርጭ ተንተርሶ፣
ለናት ልጁ ያድራል፥ ራቱን ቀናንሶ።

የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ከማንሣቱ በፊት ግን ደጋውን ወጥቶ ይይ። ቸር ያሰንብተን።